የባሪያው ምስክርነትና የፕሬዚዳንቱ ስም

ዳኛ በችሎት ተቀምጦ ምስክር ሲሰማ ያየውንና የሰማውን ይጠይቀዋል እንጂ የለበሰውን ልብስ አይመረምርም፤ ሕግ የሚያዘው ይኸንን ነው። ታሪክ ጸሐፊም እንደ ዳኛ ነው። ልዩነቱ የታሪክ ጸሐፊው ምስክሮች አብዛኛዎቹ ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ስለ ሆኑ፣ ቃላቸው ቢናቅ ተነሥተው ይግባኝ ለማለት የማይችሉ መሆናቸው ነው። ዛሬ ሥራቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናስተዋውቃቸው አሜሪካዊት የታሪክ ሊቅ ስለ ሙታን ይግባኝ ያሉ ሴት ናቸው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፕሮፌሰር አኔት ጎርደን ሪድ የተወለዱት በ1958 በቴክሳስ ግዛት በሊቪንግስተን ከተማ ሲሆን፣ ያደጉት እዚያው ግዛት ውስጥ ኮንሮ በምትባል ከተማ ነው። እናታቸው የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪ ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ በ1954 ቢፈርድም፣ ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ እንኳ በኮንሮ ጥቁሮቹና ነጮቹ ልጆች በየፊናቸው ይማሩ ነበር። የአኔት ወላጆች ግን ልጃቸውን በአንደኛ ክፍል ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት ላኩ፤ በዚያም የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ሆኑ። በስድስት ዓመት ዕድሜ የሁሉ ዐይን የሚያርፍበት ሰው መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምተው።

ገና ትንሽ ተማሪ ሳሉ ስለ ቶማስ ጄፈርሰን ለልጆች የተጻፈ የሕይወት ታሪክ አነበቡ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጄፈርሰን ዕውቀት ወዳድና ጠያቂ ሆኖ ሲቀርብ፣ አብሮት የሚታየው ጥቁር ልጅ ግን ለዕውቀት ግድ የሌለው ሆኖ ተሥሎ ነበር። ሕፃኒቱ ይህ ነገር ቅር አሰኛት። የጄፈርሰን ነገር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከልቧ አልወጣም።

ለመሆኑ ጄፈርሰን ማን ነው? በ1776 አሜሪካ ከእንግሊዝ አገዛዝ መለየቷን ያስታወቀውንና የሰውን ልጅ እኩልነት ለዓለም ያሰማውን የነጻነት መግለጫ የጻፈ፣ ከ1801 እስከ 1809 ድረስ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት ሆኖ የገዛ፣ የቨርጂኒያን ዩኒቨርስቲ የመሠረተ ታላቅ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ይኸው የእኩልነት አዋጅ ጸሐፊ በሕይወቱ ዘመን ከ600 በላይ ባሮች ነበሩት። ሞንቲቼሎ በሚባለው በተራራ ላይ በተሠራው ቤቱ አጠገብ የሚያርሱት፣ የሚያንጹት፣ የሚያበስሉትና ልጆቹን የሚያሳድጉለት እነዚሁ ባሮች ነበሩ።

ከባሮቹ መካከል ሄሚንግስ የሚባል ቤተሰብ ነበረ። የቤተሰቡ እናት ኤልሣቤጥ ሄሚንግስ የጄፈርሰን አማት የጆን ዌይልስ ባሪያ ነበረች፤ ከጌታዋም ስድስት ልጆች ወለደች። የመጨረሻዋ በ1773 የተወለደችው ሳሊ ናት። እንግዲህ ሳሊ ሄሚንግስ የጄፈርሰን ሚስት የማርታ የአባት ልጅ እኅት ናት ማለት ነው። ነገር ግን በቨርጂኒያ ሕግ ልጅ የሚከተለው የእናቱን ዕጣ ስለ ነበር፣ አንዲቱ የዌይልስ ልጅ እመቤት፣ ሌላይቱ የዌይልስ ልጅ ባሪያ ሆኑ። ጆን ዌይልስ ሲሞትም ሳሊና ቤተሰቧ ከሌላው ንብረት ጋር በውርስ ወደ ጄፈርሰን ቤት ተላለፉ።

ማርታ በ1782 ሞተች። ጄፈርሰን በ1784 ለመንግሥቱ ሥራ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በ1787ም ትንሿን ልጁን ወደ እሱ ሲያስመጣ አጅባ የመጣችው የዐሥራ አራት ዓመቷ ሳሊ ነበረች። ጄፈርሰን ያን ጊዜ የአርባ አራት ዓመት ሰው ነው። በፈረንሳይ አገር ባሪያ የሆነ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻነቱን ለማስከበር ይችል ነበር። ሳሊ ግን በ1789 ከጄፈርሰን ጋር ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰች። ከዚያም በሞንቲቼሎ ልጆች ወለደች፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ቤቨርሊ፣ ሃሪየት፣ ማዲሰንና ኤስተን የተባሉ አራት ናቸው።

የልጆቹ አባት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ገና ጄፈርሰን በሥልጣን ላይ ሳለ ተነሥቷል። በ1802 ጄምስ ካለንደር የተባለ ጋዜጠኛ አባትየው ፕሬዚዳንቱ ነው ብሎ በሪችመንድ ጋዜጣ አወጣ። ካለንደር ሹመት ፈልጎ ያጣ ቂመኛ ሰው ስለ ነበረ ብዙዎች ነገሩን ከስም ማጥፋት ቈጠሩት። ጄፈርሰን ግን በአደባባይ ነው ወይም አይደለም ብሎ መልስ ሳይሰጥ በ1826 ሞተ።

ጄፈርሰን ከሞተ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ ዋናው ምስክር ተናገረ። ማዲሰን ሄሚንግስ በኦሃዮ ግዛት የሚኖር የስድሳ ስምንት ዓመት አናጢ ነበረ። በ1873 ፓይክ ካውንቲ ሪፐብሊካን በሚባል የአገር ቤት ጋዜጣ ላይ የሕይወቱን ታሪክ አስጻፈ። እናቱ በፓሪስ ሳለች እንደ ፀነሰች፣ ወደ ቨርጂኒያ አልመለስም ብላ እንደ ነበረ፣ ጄፈርሰንም የምትወልጃቸው ልጆች ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ነጻ ይወጣሉ ብሎ ቃል ስለ ገባላት እንደ ተመለሰች፣ እሱና ወንድሞቹ እኅቱም የጄፈርሰን ልጆች እንደ ሆኑ በግልጽ ተናገረ። በዚያው ዓመት በሞንቲቼሎ ባሪያ የነበረ እስራኤል ጄፈርሰን የተባለ ሌላ ሰውም በዚያው ጋዜጣ ላይ ቃሉን አጸናለት።

በዚህ አንጻር የጄፈርሰን ነጭ ቤተሰቦች ሌላ ነገር ይናገሩ ነበር። የልጆቹ አባት ጄፈርሰን ሳይሆን ከእኅቱ ልጆች ከካር ወንድማማቾች አንዱ ነው አሉ። የታሪክ ሊቃውንትም ከመቶ ዓመት በላይ ይኸንኑ ይዘው የማዲሰንን ቃል ገፉት። አንዳንዶቹ ያረጀ ሰው ቅዠት ነው አሉ፤ አንዳንዶቹ በታላቅ ሰው ስም ለመክበር የተፈጠረ ወሬ ነው አሉ፤ ሌሎቹም የጋዜጣው አዘጋጅ በአፉ ያኖረለት ቃል ነው አሉ።

እዚህ ላይ ዱማስ ማሎን የተባሉትን ሊቅ ሳናነሣ ለማለፍ አንችልም። ማሎን ስለ ጄፈርሰን የጻፉት ታሪክ ስድስት ቅጽ ነው፤ የመጀመሪያው በ1948፣ የመጨረሻው በ1981 ታተመ። በ1975 የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበሉ፤ የመጨረሻውን ቅጽ ሲፈጽሙ ዐይናቸው እጅግ ደክሞ ዕድሜያቸውም ወደ ዘጠና ተጠግቶ ነበር። ለአንድ ሥራ እንዲህ ያለ ትጋት ሊመሰገን የሚገባው ነው። ማሎን ጄፈርሰን በየትኛው ወር የት እንደ ነበረ ከደብዳቤዎቹና ከሒሳብ መዝገቦቹ ለቅመው ሰንጠረዥ አውጥተዋል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ በዚህ ሰንጠረዥ መሠረት ሳሊ ሄሚንግስ እያንዳንዱን ልጅ በፀነሰችበት ወራት ጄፈርሰን በሞንቲቼሎ ነበረ። በሌላ አገር ሳለ የፀነሰችበት ጊዜ የለም። ማስረጃው በራሳቸው መጽሐፍ ሳለ ማሎን ነገሩ ከጄፈርሰን ጠባይ ጋር አይስማማም ብለው ካዱ።

ፎን ብሮዲ የተባሉ ሴት የታሪክ ጸሐፊ በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ የማዲሰንን ቃል ተቀብለው ተከራከሩ፤ መጽሐፉን ብዙ ሰው ቢያነበውም ከጄፈርሰን ሊቃውንት ብርቱ ነቀፌታ ደረሰበት። ነገሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው እንግዲህ አኔት ጎርደን ሪድ ወደ ክርክሩ የገቡት።

የገቡበትም በር የሕግ በር ነው። በዳርትመዝ ኮሌጅ ታሪክ አጥንተው በ1981 ከተመረቁ በኋላ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ሕግ ተምረው በ1984 ጨረሱ። በኒውዮርክ በጥብቅና ሥራ ላይ ቈዩ፤ ቀጥሎም የከተማው ወህኒ ቤቶች ተቈጣጣሪ ቦርድ የሕግ አማካሪ ሆኑ። በ1992 በኒውዮርክ የሕግ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በታሪክ የዶክተርነት ማዕረግ የላቸውም። ይህ ግን ጕዳት አልሆነባቸውም፤ ሕግ የተማሩና የሚያስተምሩ ሰው ነበሩና።

በ1997 ስለ ቶማስ ጄፈርሰንና ስለ ሳሊ ሄሚንግስ የጻፉት መጽሐፍ በቨርጂኒያ ዩኒቨርስቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ መጽሐፉ የተመሠረተው አዲስ በተገኘ ሰነድ ላይ አለመሆኑን ነው። የማዲሰን ቃል ከታተመ 124 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የነጮቹ ቤተሰቦች ደብዳቤም በሊቃውንት እጅ ነበረ። ጎርደን ሪድ ያደረጉት ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

በዚህ ሚዛን ላይ የታየውን በአጭሩ እንግለጸው። አንደኛ፣ የካር ወንድማማቾች ነገር እርስ በርሱ ይጋጫል፤ የጄፈርሰን የልጅ ልጅ ቶማስ ጄፈርሰን ራንዶልፍ አባትየው ፒተር ካር ነው ሲል፣ እኅቱ ኤለን ኩሊጅ በ1858 በጻፈችው ደብዳቤ ሳሙኤል ካር ነው ትላለች። ማዲሰን እንዲህ ያለ መጣረስ ተገኝቶበት ቢሆን ኖሮ ቃሉ በአንድ ቀን በተጣለ ነበር። ሁለተኛ፣ የሳሊ ልጆች አራቱም ነጻ ወጥተዋል። ቤቨርሊና ሃሪየት በ1822 ገደማ ማንም ሳይከተላቸው ከሞንቲቼሎ ወጡ፤ ማዲሰንና ኤስተን በጄፈርሰን ኑዛዜ ነጻ ተባሉ። በሞንቲቼሎ ልጆቿ ሁሉ እንዲህ ነጻ የወጡላት ሌላ እናት አልነበረችም። ጄፈርሰን በኑዛዜው ነጻ ያወጣው አምስት ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1827 መቶ ሠላሳ ያህል ባሮቹ ለዕዳው በጨረታ ተሸጠዋል። ሦስተኛ፣ የልጆቹ ስሞች ከጄፈርሰን ዘመዶችና ወዳጆች የተወሰዱ ናቸው። አራተኛ፣ ማዲሰን ከተናገራቸው ዝርዝር ነገሮች ብዙዎቹ እሱ ሊያያቸው በማይችላቸው መዛግብት ሲመሳከሩ ትክክል ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጎርደን ሪድ ወደ ሊቃውንቱ አእምሮ የሚመለስ ጥያቄ አነሡ። በባርነት ዘመን በቨርጂኒያ ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ በፍርድ ቤት ሊመሰክር አይፈቀድለትም ነበር። ያ ሕግ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተሻረ። ታዲያ ሕጉ ከተሻረ በኋላ መቶ ዓመት ሙሉ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሲሠራበት የኖረው ስለ ምንድን ነው? ጌታው ክቡር ሰው ስለ ሆነ አይዋሽም፤ ባሪያው ግን ጥቅም ስለሚፈልግ ይዋሻል ተብሎ አስቀድሞ ከተወሰነ፣ ያ ምርመራ አይደለም። ጎርደን ሪድ በመጽሐፋቸው አባትየው ጄፈርሰን መሆኑን በማያጠራጥር ሁኔታ አረጋግጫለሁ አላሉም፤ ማስረጃው እንደ ተባለው ደካማ ሳይሆን ብርቱ መሆኑን ነው ያሳዩት። ይህ የጠበቃ ጥንቃቄ ኋላ ጠቀማቸው።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ሳይንስ ተናገረ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድም ብዙ ሳይለወጥ የሚቈይ የዘር ምልክት አለ። ጄፈርሰን ከሚስቱ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ ከአባቱ ወንድም ከፊልድ ጄፈርሰን የሚወለዱ ወንዶች ደም ተወሰደ፤ ከኤስተን ሄሚንግስ ከሚወለድ ሰውና ከካር ቤተሰብ ዘሮች ደም ጋርም ተመሳከረ። ውጤቱ በኅዳር 1998 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። የኤስተን ዘር ከጄፈርሰን ዘር ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ከካር ዘር ጋር ግን አልተገናኘም። ነጭ ቤተሰቡ ሲያወራው የኖረው የካር ነገር በኤስተን ላይ ፈረሰ።

ይህ ምርመራ ብቻውን ከጄፈርሰን ቤተሰብ ወንዶች ውስጥ ቶማስን ለይቶ ሊያመለክት አይችልም። ስለዚህም ሞንቲቼሎን የሚያስተዳድረው የቶማስ ጄፈርሰን ድርጅት ኮሚቴ አቁሞ የደሙን ምርመራ ከጽሑፍ ማስረጃው ጋር አስተያየ፤ በጥር 2000ም ጄፈርሰን የኤስተን፣ ምናልባትም የሳሊ ልጆች ሁሉ አባት መሆኑ እጅግ የሚታመን ነው ብሎ አስታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የሊቃውንት ጉባኤ አባትየው የጄፈርሰን ታናሽ ወንድም ራንዶልፍ ሊሆን ይችላል ብሎ ተቃወመ። ሆኖም አብዛኛዎቹ የታሪክ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ፍርድ ተቀበሉ፤ በ2018ም በሞንቲቼሎ የሳሊን ታሪክ የሚያሳይ ክፍል ለጐብኚዎች ተከፈተ።

ፕሮፌሰር ጎርደን ሪድ በዚህ ድል ረክተው አልተቀመጡም። ስለ አባትነቱ ሲከራከር የኖረው ሰው ሁሉ የሚያየው ጄፈርሰንን እንጂ ሄሚንግሶችን አልነበረም። ስለዚህ በ2008 ስለ ሞንቲቼሎ ሄሚንግሶች ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አወጡ። እዚህ ላይ ችግሩን እናስብ። ጄፈርሰን በሕይወቱ ከ18,000 በላይ ደብዳቤዎች ጽፏል፤ ከሳሊ ሄሚንግስ ግን በእጇ የተጻፈ አንድ መስመር እንኳ አልተገኘም፣ መልኳን የሚያሳይ ሥዕልም የለም። የዚህች ሴትና የወገኖቿ ታሪክ የሚገኘው በጌታቸው የሒሳብ መዝገብ ውስጥ፣ ይኸን ያህል ጨርቅ ተገዛ፣ ይኸን ያህል ገንዘብ ተከፈለ ከሚል መስመር ነው። ፕሮፌሰሯ ይኸን መስመር በመስመር ሲለቅሙ፣ ለምሳሌ የሳሊ ወንድም ጄምስ በፓሪስ የፈረንሳዮችን ወጥ አሠራር እንደ ተማረ፣ ሙያውን ለታናሽ ወንድሙ ካስተማረ በኋላ በ1796 ነጻ እንደ ወጣ፣ በ1801ም በገዛ እጁ እንደ ሞተ እናነባለን። ቁጥር የነበረው ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ሰው ሆነ።

መጽሐፉ በ2008 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት፣ በ2009 በታሪክ ዘርፍ የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ በዚህ ዘርፍ ፑሊትዘርን የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም እሳቸው ሆኑ። በ2010 ሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ የሕግና የታሪክ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራቸው። በ2020ም ዩኒቨርስቲው ለጥቂት ሊቃውንት ብቻ የሚሰጠውን ከፍተኛ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጣቸው።

ሚዛኑን ወደ ሌላ ፕሬዚዳንትም አዙረውታል። በ2011 ስለ ዐሥራ ሰባተኛው ፕሬዚዳንት ስለ አንድሩ ጆንሰን አጭር መጽሐፍ ጻፉ። ጆንሰን ትምህርት ቤት ያልገባ፣ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ከድህነት ተነሥቶ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት የደረሰ ሰው ነው፤ ሊንከን በ1865 ሲገደል በቦታው ተተካ። አነሣሡ የሚያስደንቅ መሆኑን ጎርደን ሪድ አልሸሸጉም። ነገር ግን ይኸው ድሃ አደግ ነጻ ለወጡት ጥቁሮች መብት የሚሰጠውን የ1866 ሕግ አልፈርምም አለ፤ ምክር ቤቱም ያለ እሱ ፈቃድ አጸደቀው። በ1868 ተከሶ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፊት ሲቀርብ ከሥልጣን ሳይወርድ የቀረው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው። የጎርደን ሪድ ፍርድ በጆንሰን ላይ የጠነከረው፣ የአንድ ሰው ጥላቻ የብዙ ሰዎችን ዕድል ለብዙ ዘመን ሊያበላሽ እንደሚችል ስላዩ ነው።

ታዲያ ፕሮፌሰሯ የፕሬዚዳንቶችን ስም ለማፍረስ የተነሡ ናቸውን? አይደሉም። በ2016 ፒተር ኦኑፍ ከተባሉት የታሪክ ሊቅ ጋር በአንድነት ስለ ጄፈርሰን አስተሳሰብ ሌላ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ በዚያም ሰውዬው ራሱን እንዴት ይመለከት እንደ ነበረ ለመረዳት ደክመዋል። የነጻነቱን መግለጫ የጻፈው እጅና የባሮቹን ስም በመዝገብ ያሰፈረው እጅ አንድ እጅ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል የጄፈርሰንን ታሪክ አላወቀም። ታላቅ ሰው ታላቅነቱ የሚጸናው ጉድፉ በመደበቁ ከሆነ፣ ታላቅነቱ በጸሐፊዎቹ መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር የአሜሪካኖች ነገር ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ለተማሪና ለወጣት ሹም ሁሉ የሚሆን ይመስለናል። በአንድ መዝገብ ውስጥ የአንዱ ወገን ወረቀት ወፍራም፣ የሌላው ወገን ቀጭን ይሆናል። ወፍራሙ ብዙ ጊዜ ጸሐፊ፣ ማኅተምና መሳቢያ የነበረው ሰው ወረቀት ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ዕድል አግኝቶ የተናገረ ሰው ቃል ነው። የወረቀቱ ውፍረት የእውነቱ ልክ አይደለም። ድሃ ሁሉ እውነተኛ ነው፣ ባለ ሥልጣን ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለትም አይደለም፤ ያም ቢሆን ሚዛን ማዛባት ነው። የሁለቱንም ቃል በአንድ ጥያቄ መፈተን ነው የሚያስፈልገው።

ማዲሰን ሄሚንግስ በ1877 ሞተ። ቃሉን የሚመዝን ሰው እስኪመጣ ድረስ መቶ ሃያ ዓመት ፈጀ። ጋዜጣው ግን በዚያ ዘመን ሁሉ አልጠፋም፤ ለማንበብ ለፈለገ ሰው በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ነበር።